ፕሬድኒሶሎን ወይስ ዶክሲሳይክሊን? ቡለስ ፔምፊጎይድን ለማከም

ቡለስ ፔምፊጎይድ ቆዳ ላይ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶችን የሚያወጣ በሽታ ነው፤ ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ፣ ዶክሲሳይክሊን ደግሞ አንቲባዮቲክ ነው። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ የሆኑት ፀረ እንግዳ አካላት የላይኛውን ቆዳ ከታችኛው ጋር የሚያያይዘውን ቢፒ180 የተባለ ፕሮቲን ያጠቃሉ። ኮምፕልመንት (በደም ውስጥ ያሉ የመከላከያ ፕሮቲኖች) ሲቀሰቀስ የሚፈጠረው ሲ5ኤ የተባለ ፕሮቲን ኒውትሮፊሎች የተባሉ ነጭ የደም ሴሎችን ከደም ሥር ወደ ቆዳ ይጠራል፤ ኢዮታክሲን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ኢዮሲኖፊሎች የተባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሴሎችን ይስባል። ኒውትሮፊሎቹ የሚረጩት ኢላስቴዝ የተባለ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ማያያዣውን ይቆርጣል፣ ቆዳውም ውሃ ይቋጥራል። ሁለቱም መድኃኒቶች ይህን ጥሪ ያዳክማሉ፤ ጉልበታቸው ግን እኩል አይደለም።

ፍጥነት፦ በ2017 በታተመ የንጽጽር ጥናት ከ6 ሳምንት በኋላ ቋጠሯቸው ከ3 ያልበለጠ ታካሚዎች በፕሬድኒሶሎን (በቀን በኪሎ 0.5 ሚ.ግ.) 91%፣ በዶክሲሳይክሊን (በቀን 200 ሚ.ግ.) 74% ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት መጨመር ተፈቅዶ እንደነበር ግን አይዘንጋ።

ጉዳት፦ በ52 ሳምንት ውስጥ ከመድኃኒቱ ጋር የተያያዘ ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው በፕሬድኒሶሎን 36%፣ በዶክሲሳይክሊን 18% ነበሩ። በሽታው በብዛት የሚይዘው ከ70 ዓመት በላይ ያሉትን ስለሆነ፣ ከፍጥነቱ ይልቅ ይህ ልዩነት ይከብዳል።

አወሳሰድ፦ ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ የደም ስኳር፣ ግፊትና አጥንት ክትትል ይሻሉ፣ በድንገት ማቆምም አደገኛ ነው። ዶክሲሳይክሊን በብዙ ውሃ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይዋጣል፤ ወዲያው ከተኙ ጉሮሮን ያቆስላል። ብረትና የጨጓራ አሲድ ማርከሻ እንዳይሠራ ያደርጉታል፤ ፀሐይም ቆዳን ቶሎ ያቃጥላል።

ቋጠሮው ሰውነትን ካዳረሰና በቶሎ መቆም ካለበት ፕሬድኒሶሎን ይሻላል። ስኳር ላለበት፣ አጥንቱ ለሳሳ ወይም በሽታው ለቀለለለት ሰው በዶክሲሳይክሊን መጀመር ያዋጣል።