ባለ 20 ዋት የዕፅዋት መብራት ከአንድ የታመመ ኦርኪድ ጋር፤ ከጥቅምት እስከ ነሐሴ

ለቸኮለ ሰው ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። መብራቱ ለወጣበት ገንዘብ የሚመጥን ዕቃ ነው፤ አብሮት የተሠራው ሰዓት ቆጣሪ ግን እኛ ዘንድ አይረባም። ይህን የምለው የጎንደርን በጋም ክረምትም አብሮኝ ካሳለፈ በኋላ ነው።

ዕቃው ነጭ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ ሲሆን የጠረጴዛ ጠርዝ የሚይዝ መቆንጠጫና የሚታጠፍ አንገት አለው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «የ200 ዋት ያህል» የሚል ማስታወቂያ አትመኑ፤ ትክክለኛው ፍጆታ በጀርባው በደቃቅ ጽሑፍ የሰፈረው 20 ዋት ነው። በቀን 12 ሰዓት ቢበራ በወር 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ኪስ የሚጎዳ አይደለም።

ኦርኪዱ ፋላኖፕሲስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ እህቴ ከነአበባው ከአዲስ አበባ ያመጣችልኝ። የምንኖረው ጎንደር ውስጥ አራዳ በሚባለው አካባቢ ነው፤ የቤታችን ግድግዳ ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ ነው። አበባው ከረገፈ በኋላ ተክሉ ሁለት ምልክት አሳየ። ቅጠሉ ወደ ጥቁር ያደላ አረንጓዴ ሆነ፤ ይህ የብርሃን ማነስ ነው። ደግሞም ተጨማዶ ተዝለፈለፈ፤ ይህ ውኃ ቅጠሉ ዘንድ እየደረሰ እንዳልሆነ ይናገራል። መብራት የመጀመሪያውን ይፈውሳል፤ ሁለተኛውን ግን ሊያባብሰው ይችላል፤ ብርሃን የበዛለት ቅጠል ብዙ ውኃ ይፈልጋልና። ስለዚህ የታመመ ኦርኪድ ከመብራት ሥር ከመቀመጡ በፊት ሥሩ ወጥቶ መታየት አለበት። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

እኔም ተክሉን አውጥቼ በለብታ ውኃ ሳጥበው በሥሮቹ መካከል ታጭቆ የቀረ የሞስ (ውኃ እንደ ስፖንጅ የሚመጥ ደቃቅ ተክል) ጉብታ አገኘሁ። ችግኙ ገና በጨቅላነቱ ያደገበት ነው፤ ውጪው ደርቆ ሳለ መሐሉ ለረጅም ጊዜ ውኃ ይዞ ይቆያል። ጉብታውን የነካው ሥር ሁሉ ቡናማ ሆኗል። በጣት ሲጫኑት ልጣጩ ተንሸራቶ ይወጣና መሐሉ ላይ ክር የመሰለ ቀጭን ነገር ብቻ ይቀራል። ጤነኛው ሥር ግን ጠጣር ነው፤ ሲደርቅ ብርማ፣ ሲረጥብ አረንጓዴ ይሆናል። የበሰበሰውን በአልኮል በጸዳ መቀስ ቆርጬ ጣልኩት፤ የተረፈው ከግማሽ ያነሰ ነበር። መልሼ የተከልኩት አንገቱ ተቆርጦ ታችና ጎኑ በተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ፣ አቧራው ታጥቦ በወጣለት የከሰል ስብርባሪ ነው። ተክሉ በተፈጥሮው ዛፍ ላይ የሚኖር በመሆኑ አፈር አይስማማውም። በጠርሙሱ ውስጥ የሥሩ ቀለም ስለሚታይ ውኃ የማጠጣው ብርማ ሲሆን ብቻ ነው።

የመብራቱ ትልቁ በጎነት ነጭነቱ ነው። ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጡትም ተክል ያሳድጋሉ፤ ከሥራቸው ግን ጤነኛውም የታመመውም ቅጠል አንድ ዓይነት ይመስላል። በሽታ ለሚከታተል ሰው ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። በመጀመሪያ መብራቱን ከቅጠሉ ግማሽ ሜትር ያህል አራቅሁት፤ ሥር ያነሰው ተክል ብዙ ብርሃን አይችልም። አረንጓዴ ጫፍ ያላቸው አዳዲስ ሥሮች ብቅ ሲሉ ጥቂት በጥቂት ወደ 30 ሴንቲሜትር አወረድኩት። ጥቂት በጥቂት ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ብርሃኑ እስከ አራት እጥፍ ሊጨምር ይችላል። ቅጠሉ ሲዳሰስ ከሞቀ መብራቱ ቀርቧል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰዓት ቆጣሪው። ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቁጥር የተሞላውን ሁሉ ይረሳል፤ ኃይል ሲመለስም ቁልፉን ሰው ካልነካው አይበራም። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ለሚውል ሰው ይህ ማለት ተክሉ በጨለማ ዋለ ማለት ነው። አራዳ ገበያ በገዛሁት፣ ዙሪያውን ባሉት ትንንሽ ጥርሶች ሰዓቱ በሚሞላ ሜካኒካል ሰዓት ቆጣሪ ተካሁት። እሱም ኃይል ሲቋረጥ አብሮ ስለሚቆም ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት የተሞላው ሳላስተካክለው ስቀር ሌሊት ያበራል። ፋላኖፕሲስ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብዛት የሚያስገባው ሌሊት ስለሆነ ጨለማው ሊከበርለት ይገባል።

ኤልኢዲ ክፍል አያሞቅም። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቶች ተክሉን ከመስኮቱ አርቄ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አስጠጋሁት። በጋ ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ከሰሉ ቶሎ ይደርቃል፤ ላዩ ላይም የቧንቧ ውኃ የሚተወው ነጭ ጨው ይታያል። ሐምሌ ሲገባ ከቆርቆሮ የወረደ የዝናብ ውኃ አጠራቅሜ ጨዉን አጠብኩለት። በዚህ ወቅት ደመናው ቀኑን ሙሉ ሲጋርድ መብራቱ ዋጋውን በእጥፍ መለሰ፤ ከመሐል የወጣው አዲስ ቅጠል ያለማቋረጥ አደገ። ቅጠሉ ከአሮጌዎቹ ያጥራል፤ ግን ጠጣርና ፈካ ያለ አረንጓዴ ነው። የታችኞቹ ጭምድድ አልተቃናም። ቢሆንም አልቆርጣቸውም፤ ተክሉ አሁንም ስንቁን ከእነሱ ይወስዳል። አበባ ገና የለም።

የመቆንጠጫው ጎማ እስካሁን ደህና ነው። አንገቱ ግን ከሚያዝያ ወዲህ ወደ ታች ማዘንበል ስለጀመረ በሽቦ ደግፌዋለሁ። ምሥራቅ የሚያይ ሰፊ መስኮት ያለው ሰው ይህን ዕቃ አይግዛ፤ ስስ መጋረጃ ይበቃዋል። እንደኛ ጠባብ መስኮት ያለው ግን ሰዓት ቆጣሪ የሌለውን ይምረጥና በተረፈው ገንዘብ ባትሪ ያለው ዲጂታል ሰዓት ቆጣሪ ለብቻው ይግዛ።