ወረቀቱን ከስልኩ ጋር ምን ያገናኘው? ኪውአር ኮድ፣ ኤንኤፍሲ ወይስ ተራ ስልክ ቁጥር

ደብረ ብርሃን ላይ በንድፍ ሥራ ስተዳደር «ኮድ አድርግበት» የማይለኝ ደንበኛ ጥቂት ነው። የማር መለያም ሆነ የእንግዳ ማረፊያ ካርድ ወይም የሠርግ መጥሪያ፣ ጥያቄው አይቀርም። እኔም አደርጋለሁ። ከማድረጌ በፊት ግን ይህ ወረቀት የት እንደሚቀመጥና ስንት ዓመት እንደሚኖር እጠይቃለሁ። ገዢው ገንዘቡን የሚያተርፈውም የሚያባክነውም በእነዚህ ሁለት መልሶች ነው።

ለምርጫ የሚቀርቡት አራት መንገዶች ናቸው። አንደኛው አድራሻው ራሱ በውስጡ የታተመበት ቋሚ ኪውአር ኮድ (በስልክ ካሜራ የሚነበበው አራት ማዕዘን ምልክት) ነው። ሁለተኛው በሌላ ድርጅት በኩል አዙሮ የሚያደርሰው ተለዋዋጭ ኪውአር ኮድ ነው። ሦስተኛው ስልክ ሲጠጋው ገጹን የሚከፍት የኤንኤፍሲ ቺፕ፣ አራተኛው ደግሞ በፊደልና በቁጥር የተጻፈ ተራ አድራሻ ነው።

ከኮዱ በፊት ወረቀቱ

ከመንዝ ባና፣ ማለትም ከበግ ጸጉር የተሠራ ብርድ ልብስ፣ እያመጡ የሚሸጡ አንዲት እናት መለያ እንድሠራላቸው መጡ። ሌላ ቦታ ያሠሩትን ናሙናም ይዘው ነበር፤ የሚያብለጨልጭ፣ በፕላስቲክ የተለበጠ ካርድ። ባናው ላይ ስናስቀምጠው ወዲያው ተንሸራቶ ወደቀ። የበግ ጸጉር በዳሰሰ እጅ ያንን ካርድ መንካት ያስከፋል፤ እጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የተለያዩ ሰዎች እንደሠሯቸው ያውቃል። እኛ ያልተለበጠ 300 ግራም ወረቀት መርጠን፣ በቡናማ ቀለም ብቻ አትመን፣ ከዚያው ጸጉር በተፈተለ ክር አሰርነው። ኮዱ በጀርባው ነው። ገዢ መለያውን ሲገለብጥ ያገኘዋል፤ ባናውን ሳይዳስስ ግን ወደ ስልኩ አይሄድም።

ይህን የማነሣው አለምክንያት አይደለም። የሚያብለጨልጭ ልባጥ ለካሜራም አይመችም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የቀትሯ ፀሐይ በለበጣው ላይ ስታርፍ የኮዱን ግማሽ በነጸብራቅ ትጋርደዋለች። ስለዚህ ውጭ ለሚቆም ነገር ሁሉ የማያብለጨልጨውን ልባጥ ምረጡ።

ቋሚ ወይስ ተለዋዋጭ ኮድ

ኪውአር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓኑ ዴንሶ ዌቭ ውስጥ የተሠራው የመኪና መለዋወጫዎችን ለመከታተል ነበር። በዘይትና በአቧራ ቢቆሽሽም እንዲነበብ ስለታሰበ፣ እንደ ደረጃው ከ7 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው መረጃ ቢጠፋ እንኳ ራሱን ይጠግናል። ለካርድ መካከለኛው፣ 15 በመቶው፣ ይበቃል። ለማር ማሰሮ፣ ለአረቄ ጠርሙስና በጭነት መኪና ለሚጓዝ ካርቶን ከፍ ያለውን ደረጃ እጠቀማለሁ።

ሻጮች ተለዋዋጩን ኮድ የሚያሞግሱት ከኅትመት በኋላ መድረሻውን መቀየር ስለሚቻልና ስንት ሰው እንዳነበበው ስለሚቆጥር ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ያልተነገራችሁ ነገር ግን ኮዱ የሚሠራው አገናኙ ድርጅት ክፍያ እስካገኘ ድረስ መሆኑ ነው። ለአንድ ማር አቅራቢ 2,000 መለያ ያሳተምኩት በዚህ መንገድ ነበር። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ፣ በውጭ አገር በሚኖር ዘመድ ካርድ ይፈጸም ነበር። የካርዱ ጊዜ ሲያልቅ ማንም አላስተዋለም፤ ማሩ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ እያለ ኮዱ ሞተ። መለያውን ከማሰሮው ልጠን አንመልሰው ነገር! ምርጫው የእኔ ስለነበር እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ የማቀርበው መካከለኛውን መንገድ ነው። ኮዱ ቋሚ ይሁን፤ የሚያደርሰው ግን በራሳችሁ ስም ወደተመዘገበ የድረ ገጽ አድራሻ ይሁን። አድራሻው አይለወጥም፣ ገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍና ዋጋ ግን በፈለጋችሁ ቀን ትለውጣላችሁ። ለአድራሻውም ዓመታዊ ክፍያ አለው፤ ልዩነቱ ቁልፉ በእናንተ እጅ መሆኑ ነው። ድረ ገጽ ለሌለው ሰው የቴሌግራም ቻናል ያገለግላል፤ ቻናሉን ስም አውጥታችሁለት መለያው ከታተመ በኋላ ግን ስሙን መቀየር አይቻልም ብላችሁ ቁረጡ። ተለዋዋጩን የምመክረው ለአጭር ጊዜ ሥራ ብቻ ነው፤ ለአንድ ባዛር በራሪ ወረቀት ወይም ለአንድ ወር ማስታወቂያ።

ለእኛ ጽሑፍ ብቻ የሚመለከት አንድ ነገርም አለ። በኮዱ ውስጥ በቀጥታ አማርኛ ጻፍልኝ የሚል ደንበኛ ያጋጥመኛል። አንድ የላቲን ፊደል በኮዱ ውስጥ አንድ ባይት (የመረጃ መጠን መለኪያ) ሲይዝ የእኛ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። 26 ሆሄ ያለው አጭር የድረ ገጽ አድራሻ በመካከለኛው የጥገና ደረጃ 25 በ25 ካሬ ባለው ኮድ ይጠቃለላል። 100 የአማርኛ ፊደል ግን 300 ባይት ነው፤ ኮዱም 69 በ69 ይሆናል። ሁለቱን በሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት ብናትማቸው፣ የመጀመሪያው እያንዳንዱ ካሬ 0.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሁለተኛው 0.3 እንኳ አይሞላም። በርካሽ ወረቀት ላይ ቀለሙ ትንሽ ሲስፋፋ ካሬዎቹ ይዋሐዳሉ። አማርኛውን ገጹ ላይ ጻፉት፤ ኮዱ አጭር አድራሻ ብቻ ይያዝ።

መካከሉ ላይ አርማ ማስገባትም ዋጋ አለው። አርማው የሚሸፍነውን ቦታ የሚክሰው የጥገናው ደረጃ ስለሆነ ወደ 30 በመቶ ከፍ ማድረግ ግድ ይሆናል፤ ያው 26 ሆሄ ያለው አድራሻ ከ25 ወደ 33 ካሬ ያድጋል። በትንሽ መለያ ላይ አርማውን ከኮዱ አጠገብ ማስቀመጥ ይሻላል።

የብራና ጸሐፊ ዳሩን ባዶ ይተዋል፤ ርእሱንና የከበሩትን ስሞች ደግሞ በቀይ ቀለም ይጽፋል። ኮድም ሁለቱን ይፈልጋል። በአራቱም ጎን የአራት ካሬ ስፋት ያህል ባዶ ዳር ካልተተወለት ስልኩ ከጌጡ ሊለየው ይቸገራል። ዓይንን የሚጠራ አንድ መስመርም ያስፈልገዋል፦ «ባናው እንዴት እንደሚታጠብ እዚህ ይመልከቱ» የመሰለ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው አራት ማዕዘን ኮድ ሲያይ ክፍያ ነው ብሎ ያስባል፤ ምን እንደሚከፍት ካልጻፋችሁለት ያልፈዋል። የክፍያውን ኮድና የመረጃውን ኮድ በአንድ ካርድ ላይ ጎን ለጎን አታስቀምጡ።

ኤንኤፍሲ የሚገባው ቦታ

ቺፑ ባትሪ የለውም፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከተጠጋው ስልክ ነው። ርቀቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በብዛት የሚሸጠው ዓይነት ለተጠቃሚው 144 ባይት ይሰጣል፤ ለአንድ አድራሻ ከበቂ በላይ ነው። ከወረቀት ሥር ስለሚደበቅ ንድፉን አያበላሽም፤ እንደ ንድፍ ባለሙያ ይህን እወድለታለሁ። ደግሞም እናንተው በስልካችሁ ልትጽፉበትና ልትቆልፉት ትችላላችሁ።

ነገር ግን ብዙ ርካሽ የአንድሮይድ ስልኮች ይህን አያነቡም። አይፎን ያለ ተጨማሪ መተግበሪያ የሚያነበው እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጡት ሞዴሎች ወዲህ ነው። ብረት ላይ የተለጠፈ ተራ ቺፕ አይሠራም፤ ስለዚህ የቆርቆሮ ክዳን ላይ አይሞከርም። ዋጋውም በቁጥር ነው፤ ኪውአር ኮድ በኅትመቱ ላይ ምንም አይጨምርም፣ ቺፕ ግን ለእያንዳንዱ ካርድ ይገዛል። አንኮበር ላይ የውጭ ጎብኚ ለሚቀበል ማረፊያ በእያንዳንዱ ክፍል ጠረጴዛ ላይ በእንጨት ውስጥ የተቀበረ አንድ ቺፕ ያምራል፣ ይጠቅማልም። በሺህ ለሚታደል ካርድ ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ስልክን በሥዕል ላይ አነጣጥሮ ምስሉ ሲንቀሳቀስ የሚያሳየውን ቴክኖሎጂ የሚጠይቁኝም አሉ። ለአንድ ኤግዚቢሽን ይሁን፤ ለንግድ መለያ አልመክረውም።

ተራው ቁጥር

ብዙዎች የሚንቁት እርሱን ነው፤ እኔ ግን ከየትኛውም ኅትመት አላስቀረውም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ የሠራኋቸው ኮዶች ሁሉ ዝም አሉ። ካርዱ ላይ ስልክ ቁጥር የጻፉ ደንበኞቼ ግን መስመር ባለበት ሁሉ ይደወልላቸው ነበር። ቁጥር ብቻ ሳይሆን ቦታውንም ጻፉ፦ ከየትኛው አደባባይ፣ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እንደሆነ። ወደ መንዝ ጓሳ ጭላዳ ለማየት የሚሄድ እንግዳም ኔትወርክ በማይይዝበት መንገድ ላይ የሚያነበው ወረቀቱን ነው፤ ለእንዲህ ያለው ካርድ ካርታውን ራሱን አትሙት። ኮድ ማድረግ ካለባችሁም የስልክ ቁጥሩን በውስጡ ያስገባ ኮድ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል።

እኔ ብሆን

ለማር፣ ለአረቄና ለባና መለያ፦ ወደ ራሴ አድራሻ የሚያደርስ ቋሚ ኮድና ከሥሩ ስልክ ቁጥር። ለማረፊያ ጠረጴዛ፦ ኤንኤፍሲ፣ ከጎኑም ቋሚ ኮድ። መንገድ ዳር ለሚሰቀል ባነር ኮዱ ከርቀቱ አንድ አሥረኛ ይሁን፤ ከሦስት ሜትር ለሚነበበው 30 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከተሽከርካሪ ለሚታይ ባነር ግን ኮድ ይቅር፤ ስሙና ቁጥሩ በትልቁ ይጻፍ።

ከማተሚያ ቤቱ ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ልባጥ የታተመ አንድ ናሙና ጠይቁ። በቤታችሁ ባለው እጅግ ያረጀ ስልክ፣ አንዴ በቀትር ደጅ ቆማችሁ፣ አንዴ ማታ በአንድ አምፖል ብርሃን አንብቡት። በሁለቱም ከተከፈተ ቀሪውን አሳትሙ።