ጊታሬን ቀና ላደረጉልኝ ባለሙያ

ቤዝ ጊታር የምትጫወቱ ወዳጆቼ፣ ዛሬ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ ነው። በዚያውም በሰው ፊት ላመሰግናቸው።

ቤዜ ከብዶኝ ነበር። ክሮቹ ከፊንገርቦርዱ (ጣት ከሚጫንበት የአንገቱ ገጽ) በጣም ርቀው ስለቆሙ ልምምድ ሳልጨርስ ግራ እጄ ይዝላል። መጀመሪያ ያሳየሁት ሰው ብሪጁ (አካሉ ላይ ክሮቹ የሚታሰሩበት ብረት) ላይ ያሉትን ሳድሎች፣ ማለትም የየክሩን ማረፊያዎች፣ ዝቅ አድርጎ መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከ12ኛው ፍሬት (ፍሬት አንገቱን አቋርጠው ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ ነው) በላይ ስጫወት ክሩ ብረቱን እየነካ ዝዝ ይል ጀመር። በታችኞቹ ፍሬቶች ግን ያኔም ከባድ ነበር። ልሸጠው ሁሉ አስቤ ነበር።

እኚህ ባለሙያ መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት «እስቲ ተጫወትልኝ» አሉኝ። በጣት ነው በፒክ? በኃይል ነው የምትመታው በቀስታ? ሁልጊዜ የምትጠቀመው ክር ይኸው ነው? እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የተመታ ክር ለመርገብገብ ቦታ ይፈልጋል። በኃይል የሚመታና በቀስታ የሚነካ ሰው አንድ ዓይነት የክር ከፍታ ሊሰጣቸው አይችልም።

ከዚያ አዲስ ክር አስገብተው በሚገባ ቃኙት። ሳይቃኙ መለካት ዋጋ የለውም፤ አንገቱን የሚስበው የክሩ ውጥረት ነውና። ወፍራሙን የኢ ክር መጀመሪያው ፍሬት ላይና መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው መሃሉን አሳዩኝ። 7ኛውና 8ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ወደ 0.3 ሚሊሜትር ክፍተት ሲኖር ጥሩ ነው። የኔው ከዚያ እጅግ ይበልጥ ነበር። አንገቱ ጎብጧል! ሳድል ቢወርድ ቢወጣ ይህን አያቃናውም።

ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን ማቃኛ ብረት) ሩብ ዙር እንኳ በማይሞላ መጠን አጠበቁት፣ እንደገና ቃኙ፣ እንደገና ለኩ። ትንሽ ቆዩ፣ ደገሙት። አልቸኮሉም። እኔ በጣም የወደድኩላቸው ይህን ነው፤ ያ ብረት በጉልበት ከተጠመዘዘ ሊበላሽ ይችላል፣ ጥገናውም ቀላል አይደለም።

አንገቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው ወደ ክሩ ከፍታ የሄዱት። 17ኛው ፍሬት ላይ ለወፍራሙ ክር 2.4፣ ለቀጭኑ 2 ሚሊሜትር አካባቢ አድርገው ጀመሩ። «ይሄ መነሻ ነው፣ የሚወስነው እጅህ ነው» አሉኝ። አስጫወቱኝ፣ አዳመጡ፣ ጠንከር አድርጌ ስለምመታ የኢን ክር ትንሽ ከፍ አደረጉት። የመሃሎቹን ክሮች ደግሞ የፊንገርቦርዱን ክብነት እንዲከተሉ አስተካከሉ። ነቱን (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበትን ባለ ስንጥቅ ቁራጭ) ፈትሸው ደህና ነው ብለው ሳይነኩ ተዉት። ሞርዶ ማስከፈል ሲችሉ!

ኢንቶኔሽኑን፣ ማለትም ድምፁ አንገቱ ላይ የትም ቢጫኑት ቅኝቱን እንዲጠብቅ ማድረጉን፣ በቲዩነር (በመቃኛ መሣሪያ) ሠሩ። 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን (ክሩን ሳይጫኑ በስሱ በመንካት የሚወጣውን ድምፅ) ያሰማሉ፣ ከዚያ እዚያው ተጭነው ያሰማሉ። የተጫኑት ድምፅ ከፍ ካለ ሳድሉን ወደኋላ ይስባሉ፣ ዝቅ ካለ ወደፊት ይገፋሉ። አራቱንም ክር እንዲሁ። ክሩ ስለወረደ ከክሮቹ ሥር ያለውን ድምፅ ተቀባይ፣ ፒክአፑንም፣ በልኩ ዝቅ አደረጉልኝ።

አሁን ያው ጊታር ሌላ ጊታር ሆኗል። ጣቴ ሳይታገል ክሩን ይይዛል፣ ላይ ያሉት ድምፆች ጥርት ብለው ይወጣሉ፣ ሲመሽም እጄን አያመኝም። «የክሩን ውፍረት ከቀየርክ ወይም አየሩ ሲለወጥ ከከበደህ አምጣው» ብለው ነው የሸኙኝ። እንጨት እርጥበትና ድርቀት ይሰማዋል።

ክር ብቻ ለመቀየር ለቸኮለ ሰው አልጠቁማቸውም፤ ጊዜ ይወስዳሉ። ቤዙ እየከበደው ወይም ዝዝ እያለ የተቸገረ ካለ ግን ሳያመነታ ይውሰድላቸው። ስማቸውን ሳላስፈቅድ እዚህ አልጽፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።