ያለ መርፌ ስኳር ይለካል የሚባለውን ሰዓት እንዳትገዙ

ስኳር ያለባችሁ፣ ወይም ቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ያለ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ እንዳታወጡ። "ጣት መውጋት ቀረ"፣ "ያለ መርፌ፣ ያለ ደም፣ 24 ሰዓት ክትትል" እየተባለ የሚሸጠው ስማርት ሰዓት ስኳር አይለካም። ቀለበቱም እንደዚያው። ትንሽ ይሳሳታል ማለቴ አይደለም፣ ጭራሽ አይለካም። ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ቁጥር ከደማችሁ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

እኔ ጋ የመጣው በስጦታ ነው። ጣቴ ወንፊት ሆነ እያልኩ ስነጫነጭ የምትሰማ እህቴ ማስታወቂያውን አይታ ገዛችልኝ። አንጀቷ አልችል ብሎ ነው፣ እሷን ማን ይቆጣል? ሰዓቱ ያምራል። ሳጥኑ ያምራል። ገና ሲከፈት ግን አንድ ነገር አላማረኝም። አፑ ዕድሜዬን ጠየቀኝ፣ ክብደቴን ጠየቀኝ፣ ስኳር አለብህ ወይ አለኝ፣ ከዚያ ደግሞ "በቅርቡ በጣት የለካኸውን ቁጥር አስገባ" አለ። ቆይ እንጂ፣ ለካሁ የሚለው እሱ አይደል እንዴ?

ሞከርኩት። በጣት እየወጋሁ ጎን ለጎን አስተያየሁት። ስኳሬ ሲወጣም ሲወርድም ሰዓቱ እኔ ካስገባሁለት ቁጥር ዙሪያ አይርቅም። በምሳ ሰዓት ከፍ ይላል፣ ምሳ ሳልበላ በቀረሁበት ቀንም ከፍ ይላል፤ ማለትም የሚያየው ሰዓቱን እንጂ እኔን አይደለም። በመጨረሻ ከእጄ አውልቄ በተጠቀለለ ፎጣ ላይ አሰርኩት። ፎጣውም ስኳር አለው። ያውም ከእኔ የተሻለ፣ ቁጥጥሩ ያስቀናል።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። የማያስቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አንድ ሌሊት ላብ አጥምቆኝ ነቃሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ይመታል። ስኳር ያለበት ሰው ይህን ያውቀዋል፣ መተርጎም አያስፈልግም። ሰዓቱን አየሁት፣ መቶ ምናምን ይላል፣ አረንጓዴ ምልክትም አብሮ። ጣቴን ስወጋ 58። ከ70 በታች ሲሆን ወረደ ይባላል፣ ከ54 በታች ሲሆን ደግሞ ነገሩ አደገኛ ነው። መለኪያዬ አጠገቤ ስለነበር 15 ግራም ስኳር ወስጄ፣ 15 ደቂቃ ጠብቄ፣ እንደገና ለካሁ። መለኪያውን "አሁንማ ሰዓት አለ" ብሎ መሳቢያ ውስጥ የከተተ ሰው ግን አረንጓዴውን አይቶ ተመልሶ ይተኛል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ሌሊት ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ሰዓቱ "280 ነህ" ካለ፣ ሰውየውም አምኖ ኢንሱሊን ከጨመረ፣ ያልነበረ ስኳር ሊያወርድ ነው ማለት ነው። ኢንሱሊን ብቻ አይደለም፣ እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ ኪኒኖችም ስኳር ያወርዳሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ኤፍዲኤ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ላይ ይህንኑ ነው ያለው። ቆዳ ሳይበሱ በራሳቸው ስኳር እንለካለን የሚሉ ሰዓቶችንና ቀለበቶችን አትጠቀሙ፣ አንዱንም አላጸደቅሁም አለ። በተሳሳተ ቁጥር የተሳሳተ መጠን መውሰድ በሰዓታት ውስጥ ራስን እስከ መሳት፣ እስከ ሞት ሊያደርስ እንደሚችልም ጨምሯል። ማስጠንቀቂያው አንድን ስም ለይቶ አልነበረም። ያው ዕቃ በብዙ ስም ስለሚሸጥ ስም መዘርዘር ዋጋ የለውም። ዛሬ ስሙን ብታውቁት ነገ ሌላ ሳጥን ውስጥ ታገኙታላችሁ።

"ቴክኖሎጂው አድጓል እኮ፣ የልብ ምት የሚለካ ሰዓት ስኳር ለምን አይለካም?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው። ከሰዓቱ ጀርባ የምታዩት አረንጓዴ መብራት ደም በየምቱ ሲሞላና ሲጎድል የሚመለሰውን ብርሃን ይቆጥራል፣ የልብ ምት የሚገኘው ከዚያ ነው። ኦክስጅንም የሚለካው ደም ኦክስጅን ሲይዝና ሲያጣ ቀለሙ ስለሚለወጥ ነው። ስኳር ግን ቀለም የለውም። መጠኑም ኢምንት ነው። ስኳሬ 100 ነው ስንል 100 ሚሊግራም በዴሲሊትር ማለታችን ነው፣ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ አንድ ግራም። የአዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው እንበል፣ እንግዲህ በመላ ደማችን ውስጥ የሚዞረው ስኳር ቢሰበሰብ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሞላ ነው። በዓይን በማይታየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ስኳር ትንሽ ምልክት ይሰጣል፣ እውነት ነው፣ ነገር ግን ውሃውም በዚያው ብርሃን ላይ ብዙ እጥፍ ምልክት ይሰጣል፣ የቆዳው ሙቀት፣ ላቡ፣ የማሰሪያው መጥበቅና መላላት ሁሉ ተጨምሮበት የስኳሯ ድምፅ አትሰማም።

ሰው አልሞከረም እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ግሉኮዋች የሚባል የእጅ ሰዓት ኤፍዲኤ አጽድቆለት ወጥቶ ነበር። እሱ ማስመሰያ አልነበረም፣ በቀላል ኤሌክትሪክ ከቆዳ ሥር ፈሳሽ እየሳበ ይለካ ነበር። ቆዳ አቃጠለ፣ አስቆጣ፣ በጣት ልኬት ካልተስተካከለም አይሠራም፣ ከገበያም ጠፋ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2014 በዓይን ላይ የሚደረግ፣ ከእንባ ስኳር የሚለካ ሌንስ እየሠራሁ ነው አለ። በ2018 እህት ኩባንያው ቬሪሊ ሥራውን አቆመ፣ የእንባው ስኳርና የደሙ ስኳር አልጣጣም ብሎ። ያ ሁሉ ገንዘብና ያ ሁሉ መሐንዲስ ያልቻለውን፣ ስሙ በየወሩ የሚቀያየር ሻጭ በርካሽ ሰዓት ውስጥ ከተተው ብሎ ማመን ለእኔ ይከብደኛል።

አሁን ማስታወቂያዎቹ እንዴት እንደሚያታልሉ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ተራ ውሸት ቢሆን ኖሮ ብዙ ሰው አይሸወድም ነበር።

አንደኛ፣ ስኳር በሰዓት ላይ ማየት እውነት ይቻላል። ክንዳቸው ወይም ሆዳቸው ላይ ሴንሰር፣ ማለትም ቀጭን ክሩ ቆዳ ሥር ገብቶ ስኳር የሚለካ መሣሪያ፣ የለጠፉ ሰዎች ቁጥሩን በስልካቸው በኩል በሰዓታቸው ላይ ያያሉ። የለካው ግን ሴንሰሩ ነው፣ ሰዓቱ ስክሪን ብቻ ነው። ሻጮቹ እንዲህ ያለውን ሰው ቪዲዮ ይወስዱና ሴንሰር ያለበትን ክንድ ከምስሉ ቆርጠው ሰዓቱን ብቻ ያሳያሉ። ስለዚህ ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፤ ቆዳ ውስጥ የገባው ክፍል የታለ? ከሌለ ወሬው አለቀ።

ሁለተኛ፣ የምስክር ወረቀት። "ኤፍዲኤ ሬጅስተርድ" ብለው ማኅተም ያለበት ወረቀት ይለጥፋሉ። ሬጅስተር መደረግ ማለት ድርጅቱ ስሙን መዝገብ ላይ አስገባ ማለት ነው፣ መሣሪያው ተመርምሮ አለፈ ማለት አይደለም። ኤፍዲኤ ራሱ እንዲህ ያለ የምዝገባ ሰርተፊኬት አይሰጥም፤ ወረቀቱ መኖሩ ብቻውን ሻጩን ያጋልጠዋል። "ሲኢ" የሚለው የአውሮፓ ምልክትም እንዲሁ ነው። ለማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይለጠፋል፣ ሬዲዮ አይረብሽም፣ አያቃጥልም ለማለት። ስኳር የሚለካ የሕክምና መሣሪያ ከሆነ ከምልክቱ ጎን የመረመረው ተቋም ባለ 4 አኃዝ ቁጥር ይኖራል። ሰዓቱን ገልብጡና ፈልጉ።

ሦስተኛ፣ ደቃቁ ጽሑፍ። ፊት ለፊት "ስኳርዎን ይቆጣጠሩ" ይላል። የመመሪያው መጨረሻ ገጽ ላይ፣ በአጉሊ መነጽር እንኳ በማይነበብ ፊደል፣ "ለመረጃ ብቻ፣ ለሕክምና ውሳኔ አይውልም" ይላል። እና ለምን ገዛነው?

እህቴ ለሻጩ ጻፈችለት። መልሱ ፈጣን ነበር፣ ጨዋም ነበር። "እህቴ፣ ሰዓቱ የወንድምሽን ሰውነት እስኪለምድ ሦስት ሳምንት ጠብቂ።" ዕቃውን የመመለሻው ጊዜ ስንት ነው? ሁለት ሳምንት። ገባችሁ አይደል? ሌላ ጊዜ ሲነጋገሩ ደግሞ "የጣት ልኬቱን ደጋግሞ ያስገባ፣ ይስተካከላል" አለ። አዎ፣ ይስተካከላል፣ መልሱን የነገሩት ተማሪማ ፈተና ያልፋል። ከዚያ በኋላ መልስ ቀረ፣ የሚሸጥበት ገጽም ተዘጋ፣ ያው ሰዓት ያው ፎቶ ይዞ በሌላ ስም ብቅ አለ።

እኔ በበኩሌ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የምለይበት አንድ ዘዴ አለኝ። እውነተኛ መሣሪያ ድክመቱን ይናገራል። የሊብሬ 2 ሴንሰር ወረቀት በቀን ከ500 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ ከወሰድክ ቁጥሩ ያለአግባብ ከፍ ሊል ይችላል ብሎ ይጽፋል። ሴንሰሮች የሚለኩት ደም ሳይሆን ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ከጣቱ በደቂቃዎች ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ ስኳር በፍጥነት ሲወጣና ሲወርድ ልዩነቱ ይሰፋል፣ የተለጠፈበት ክንድ ላይ ከተኛችሁ ያልወረደውን ወረደ ብሎ ሊቀሰቅሳችሁ ይችላል። አምራቾቹም የሚሰማችሁና ቁጥሩ ካልተስማሙ ጣታችሁን ወግታችሁ አረጋግጡ ይላሉ። የኔ ሰዓት መመሪያ ግን እንከን የለውም። ላብ አይረብሸውም፣ ብርድ አይረብሸውም፣ ትክክለኛነቱ መቶ በመቶ። መቶ በመቶ የሚባል የስኳር መለኪያ በዓለም ላይ የለም፤ የጣት መለኪያዎች የሚመዘኑበት ዓለም አቀፍ መስፈርት እንኳ፣ አይሶ 15197፣ ስኳር ከ100 በላይ ሲሆን በ15 በመቶ ዝቅ ወይም ከፍ ማለትን ይፈቅዳል።

ሴንሰር ካነሳን አይቀር ሌላም ወጥመድ አለ፣ ባጭሩ ልበለው። እውነተኛ ሴንሰር ውድ ስለሆነ ብዙ ሰው ከሰው እጅ የተረፈ ይፈልጋል። እፈርድበታለሁ ማለት አልችልም፣ ወጪው ያማል። ግን ሴንሰሩ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ነው፣ ሙቀትና ጊዜ ይገድለዋል፤ መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ሴንሰር ፓኬቱ ቢያብረቀርቅም ዋጋ የለውም። የሚያበቃበትን ቀን ሳታዩ፣ ማሸጊያው ተነካክቶ እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትቀበሉ። አንዳንዱ ደግሞ ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ እናንተ ስልክ ላይ ካለው አፕ ጋር አልገናኝም ሊል ይችላል፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዴክስኮም ጂ6 የሚባለው ሴንሰር ትራንስሚተር (ቁጥሩን ወደ ስልክ የሚልከው ክፍል) "እንደ አዲስ ነው" ተብሎ ሲሸጥ ተጠንቀቁ፣ ባትሪው ሦስት ወር ያህል ነው የሚሠራው፣ ሰውየው ከተጠቀመበት የቀራችሁን ብቻ ነው የምትገዙት። የተከፈተ የስትሪፕ (የጣት መለኪያው ላይ ደም የሚነካበት ቁራጭ) ብልቃጥማ በነፃ ቢሰጧችሁም ይቅር። እርጥበት ይገባዋል፣ ቁጥሩም ይዋሻል።

ሰዓቱን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነስ? ማስታወቂያውን፣ የሻጩን ገጽና የተጻጻፋችሁትን አሁኑኑ ፎቶ አንሱ፣ በኋላ ይጠፋል። መለኪያውንና ሰዓቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ቁጥራቸውን በአንድ ፎቶ ያዙ፣ ፎጣውንም አትርሱት፣ እሱን ያየ ክርክር አያነሳም። የከፈላችሁት በካርድ ወይም በገበያ አፕ በኩል ከሆነ ሻጩን ትታችሁ ለከፈላችሁበት ተቋም "የተባለለትን አይሠራም" ብላችሁ አመልክቱ፤ ሻጩ "እስኪለምድህ ጠብቅ" ሲላችሁ አትጠብቁ፣ ቀኑ ያልፋል። ሰዓቱ እንደ ሰዓት ከሠራ እሰሩት፣ ግን የስኳሩን ገጽ አጥፉት፤ በተለይ ቤት ውስጥ አረጋዊ ወይም ልጅ ካለ።

ገንዘቡ ከመመለሱ በፊት ግን አንድ ነገር። የሰዓቱን ቁጥር አይታችሁ ኢንሱሊን ወይም ኪኒን ጨምራችሁ፣ ቀንሳችሁ ወይም አቁማችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ያለፉት ወራት እንዴት እንደነበሩ ለማወቅ የሦስት ወሩን ምርመራ፣ ኤችቢኤዋንሲ የሚባለውን፣ እንዲያዝላችሁ ጠይቁ። አፑ ያጠራቀመላችሁን የሚያምር ግራፍ ለሐኪም አታሳዩ፤ ለጥቂት ቀናት ከምግብ በፊትና ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ በጣት ለክታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉና ያንን ይዛችሁ ሂዱ።