ወንበር የሚያነሳው ሰውዬ

ትኬቱን የሰጡኝ ደንበኛችን ናቸው። ኮሎኝ ውስጥ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ማስተናገድ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሰውዬው ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ሽሮ የሚበሉ ጀርመናዊ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ለምደውታል። ጉልበታቸውን አመማቸውና «አንቺ ሂጂበት» አሉኝ። ቩፐርታል ከተማ ኦፔራ ቤት፣ የጀርመናዊቷ የዳንስ ፈጣሪ የፒና ባውሽ ሁለት ሥራዎች በአንድ ምሽት።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ዳንስ ሲባል የማውቀው እስክስታ ነው። ኮንቴምፖራሪ፣ ማለትም ዘመናዊ ዳንስ የሚሉት ነገር መሬት ላይ መንከባለል ይመስለኝ ነበር።

በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ከተማው ውስጥ ደግሞ ከ1901 ጀምሮ ወንዝ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ባቡር አለ። ለሱ ሲባል ብቻ እንኳ ቢኬድ አያስቆጭም።

መጀመሪያ የታየው «ካፌ ሙለር» ነው፣ የ1978 ሥራ። መድረኩ በወንበርና በጠረጴዛ የተሞላ ነው። አንዲት ሴት የሌሊት ልብስ የመሰለ ስስ ቀሚስ ለብሳ፣ ዓይኗን ጨፍና ትገባለች። ዝም ብላ ትሄዳለች። ከፊቷ ወንበር አለ። ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ሮጦ ይመጣና ከመንገዷ ላይ ያነሳላታል። ወደ ሌላ በኩል ትዞራለች፤ እሱም ይሮጣል። አንዴም አስቀድሞ አያውቅም፤ ሁሌ ለጥቂት ነው የሚደርሰው።

ሰው ሁሉ እሷን ያያል። እኔ ዓይኔ ከሰውዬው አልተነሳም። ቅዳሜ ማታ የሞቀው ደንበኛ ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ ከፊቱ ወንበር የምስበው እኔ ነኛ!

ይህን ድርሻ መጀመሪያ የተጫወተው ሮልፍ ቦርዚክ ነው፤ የፒና የሕይወት አጋር፣ መድረኩንም የነደፈላት። በ1980 ሞተ። ይህን ያወቅኩት ስመለስ ባቡር ላይ ሳነብ ነው። ቀድሜ ባውቅ ኖሮ አለቅስ ነበር መሰለኝ።

ሌላም አነበብኩ። ፒና በ1940 ዞሊንገን የተወለደች የሆቴልና የምግብ ቤት ባለቤቶች ልጅ ናት። ማታ ማታ ጠረጴዛ ሥር ተደብቃ የትልልቅ ሰዎችን ጨዋታ ትሰማ ነበር። ለካ! እኛም ምግብ ቤት የአሠሪዬ ልጅ እንዲሁ ናት፤ አስተኙኝ አትልም። ፒና በአሥራ አራት ዓመቷ ኤሰን ከተማ ፎልክቫንግ የሚባል የጥበብ ትምህርት ቤት ገባች፣ ከዚያ ኒውዮርክ ጁሊያርድ የሚባለው የጥበብ ትምህርት ቤት። በ1973 የቩፐርታልን የባሌት ቡድን ተረከበች። መጀመሪያ አካባቢ ተመልካቹ በር እየወረወረ ይወጣ ነበር። እሷ ግን በ2009 እስክትሞት ከዚያች ከተማ አልተነቀለችም።

ወደ ምሽቱ ልመለስ። «ካፌ ሙለር» መሐሉ ላይ ይደክማል። ሁለት ሰዎች ይተቃቀፋሉ፣ ሦስተኛው መጥቶ ሴትየዋን ሰውየው ክንድ ላይ ያስተኛታል፣ ሰውየው ይጥላታል፣ ተነስታ ተመልሳ ታቅፈዋለች። እንደገና። እንደገና። እየፈጠነ። አንዴ ገብቶኛል እኮ፣ ብዬ በልቤ ተነጫነጭኩ። በኋላ ሦስተኛው ሰው ሄዶም እነሱ ራሳቸው ሲቀጥሉ ነው አፌን የያዝኩት።

እረፍት ላይ ሰው ለመጠጥ ይወጣል። እናንተ እንዳትወጡ! ሠራተኞች ጥቁር አፈር እያመጡ መድረኩ ላይ ይዘረግፋሉ፣ በመጥረጊያ ያስተካክላሉ። እኔ ይህን ከትኬቱ ዋጋ ግማሽ አድርጌ ነው የምቆጥረው። ሽታው እንደዘነበበት ማሳ ነው።

ሁለተኛው፣ የ1975ቱ «የፀደይ መሥዋዕት»፣ የስትራቪንስኪ ሙዚቃ ላይ የተሠራ ነው። ግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሴቶቹ አንዲት ቀይ ጨርቅ ይቀባበላሉ፤ ሁሉም ይፈሯታል። ያቺ ጨርቅ ቀሚስ ናት፤ የለበሰቻት ልጅ እስክትሞት ትጨፍራለች። አፈሩ ከላብ ጋር ገላቸው ላይ ይለጠፋል። ትንፋሻቸው ከሙዚቃው በላይ ይሰማል። እዚህ የሚደክም ነገር የለም። ይህንኑ ሥራ ከ14 የአፍሪካ አገሮች የተውጣጡ ዳንሰኞች ሴኔጋል ውስጥ አጥንተውት ነበር። በ2020 ኮሮና ጉዟቸውን ሲያስቀረው ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ጨፈሩት። እሱን በአካል ባይ ምን አለበት።

ልጅ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ያስፈራል። ተረትም አትጠብቁ። ጠግባችሁ አትግቡ፤ እኔ ከሥራ በቀጥታ ክትፎ በልቼ ሄጄ ሁለተኛው ላይ ሆዴ ሲገለባበጥ ነበር።

ሐሙስ ጋሼ መጡ። «ማንን ወደድሽ?» አሉኝ። ወንበር የሚያነሳውን አልኳቸው። ሳቁና፣ ሲነሱ ወንበራቸውን ራሳቸው ወደ ጠረጴዛው ገፉት።