ቹዝ ኤ ላይሰንስ ዶት ኮም፦ አሪፍ ሳይት ነው፣ ዋናውን ጥያቄ ግን አይጠይቅም

ፕሮጀክታችሁን ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ሳይት) ላይ ልትጭኑ ስትሉ ላይሰንስ (ሌላ ሰው በኮዳችሁ ምን ማድረግ እንደሚችል የሚናገር የፈቃድ ፅሁፍ) ምረጡ የሚለው ጋ ደርሳችሁ ለምትደናበሩ፣ ላይሰንስ የሚያስመርጠውን ይሄን ሳይት ያወጡት እነሱው ጊትሃቦች ናቸው፣ በ2013 እ.ኤ.አ.። ነፃ ነው፣ ተመዝገቡ ምናምን የለም። ስትገቡ ሶስት ምርጫ ታገኛላችሁ፣ አብራችሁ የምትሰሩት ኮሚዩኒቲ ካለ የነሱን ውሰዱ፣ ቀለል ያለ ይሁንልኝ ካላችሁ ኤምአይቲ፣ ኮዴን አሻሽሎ የሚያከፋፍል ሰው ማሻሻያውንም ክፍት ያድርገው ካላችሁ ደግሞ ጂፒኤል 3።

የወደድኩት ማጠቃለያውን ነው። የተፈቀደው በአረንጓዴ ነጥብ፣ ግዴታው በሰማያዊ፣ ገደቡ በቀይ፣ በቃ በአንድ እይታ ይገባችኋል፣ የጠበቃ እንግሊዝኛ ለሚያንገሸግሸው ሰው ግልግል ነው (በአማርኛ ቢኖርማ እንዴት ጥሩ ነበር)። ላይሰንስ ስለሌለው ኮድ የፃፉትንም አንብቡት፣ ብዙ ልጆች ላይሰንስ ካላስገባሁ ኮዱ ለሁሉም ነፃ ነው ይላሉ፣ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፣ ዝም ካላችሁ መብቱ በሙሉ የናንተ ነው። የኛም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል።

ቅሬታዬ ምን መሰላችሁ፣ መግቢያው ላይ "በምን ሰራችሁት?" ብሎ አይጠይቅም፣ ኮዱ ከላይ እስከ ታች የናንተ እንደሆነ አድርጎ ነው የሚቀጥለው። የምትፅፉበት ኤዲተርና ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደሚሰራ ፕሮግራም የሚቀይረው) አያሳስቡ፣ ለምሳሌ ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ራሱ ጂፒኤል ቢሆንም በሱ ኮምፓይል ያደረጋችሁት ጂፒኤል አይሆንም፣ ፕሮግራማችሁ ውስጥ ለሚገባው የራሱ ቁራጭ ኮድም በፅሁፍ ያስቀመጡት ልዩ ፈቃድ አለ። ጣጣው ያለው ከፕሮግራማችሁ ጋር አብሮ የሚሄደው ላይብረሪ (ሌላ ሰው የፃፈው፣ እናንተ የምትጠቀሙበት ኮድ) ላይ ነው።

ለምሳሌ ለሱቅ የሽያጭ ፕሮግራም በፓይተን ሰራችሁ፣ መስኮቱንና በተኑን ፓይኪውት 6 በሚባለው ላይብረሪ አደረጋችሁት እንበል። ፓይኪውት ወይ ጂፒኤል 3 ነው ወይ ደግሞ በገንዘብ የሚገዛ ላይሰንስ ነው፣ ሳትገዙ ለባለሱቁ ከሰጣችሁ ኮዱንም የማግኘት መብት አለው፣ ሳይቱ ላይ ኤምአይቲ ስለመረጣችሁ ያ አይቀርም። መሸጥ ግን ትችላላችሁ፣ ጂፒኤል መሸጥ አይከለክልም፣ ኮዱን ዘግቶ መሸጥን እንጂ። ለማንም ሳትሰጡ ለራሳችሁ ብቻ የምትጠቀሙበት ከሆነማ ማንም አይጠይቃችሁም።

መዝጋት ከፈለጋችሁ ተመሳሳይ ስራ ወደሚሰራው ላይብረሪ፣ ወደ ፓይሳይድ 6 ዙሩ፣ እሱ ኤልጂፒኤል (ከጂፒኤል ላላ ያለው ላይሰንስ) ነው፣ የራሳችሁን ኮድ መዝጋት ትችላላችሁ፣ ላይብረሪውን ግን ተጠቃሚው በሌላ ቨርዥን መቀየር እንዲችል መተው አለባችሁ። ስራውም ያን ያህል አይደለም፣ በአብዛኛው ኢምፖርቶቹን (ላይብረሪውን የሚጠሩትን መስመሮች) መቀየርና ኮዳችሁ ውስጥ ፓይኪውትሲግናል የሚለውን ሲግናል ብቻ ማድረግ ነው። እዛ ደርሳችሁ ደሞ የቀኑን ሽያጭ በግራፍ ላሳይ ብላችሁ ኪውት ቻርትስን (ግራፍ የሚስለውን ክፍል) እንዳትነኩ፣ እሱ በነፃው በኩል ጂፒኤል ብቻ ነው፣ ተመልሳችሁ እዛው!

ስለዚህ ሳይቱን ተጠቀሙበት፣ ግን ሁለተኛ ላይ። ፕሮግራሙን አስረክቦ ላይሰንስ ማገላበጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ መጀመሪያ ፒፕ ላይሰንስስ የምትባለውን ቱል ጫኑና አስነሷት፣ የጫናችሁትን ፓኬጅ ሁሉ ከነላይሰንሱ ትዘረዝርላችኋለች፣ ጂፒኤል የሚል ካያችሁ እሱን ጨርሳችሁ ነው ወደ ሳይቱ የምትሄዱት።