ጥፋቱ የቺፑ አይደለም፦ ቲኤችኤስ 7314 በኒንቴንዶ 64 ላይ

ለአሮጌው የጌም መጫወቻዬ ለኒንቴንዶ 64 ቲኤችኤስ 7314 የተባለውን የምስል ማጉያ ቺፕ ከነኬብሉ የሸጠልኝ ሻጭ «ወንድሜ፣ ምስሉ የጠቆረው ቴሌቪዥንህ ስላረጀ ነው» ያለኝን እስካሁን አልረሳሁለትም። አላረጀም ብዬ አልከራከርም፤ ነገር ግን ዜናውን አድምቆ እያሳየ ጌም ሲከፈትበት ብቻ የሚያረጅ ቴሌቪዥን የለም።

ኒንቴንዶ 64ቱ የመጣው ከአሜሪካ ስለሆነ ምስሉን በኤንቲኤስሲ ሥርዓት ያወጣል፤ በሌላው የቀለም ሥርዓት፣ በፓል የሚሠራው የኔ ቴሌቪዥንም በቢጫው ገመድ ሲቀበለው ጥቁርና ነጭ ያደርገው ነበር። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊው በየራሳቸው ሽቦ በስካርት (በቴሌቪዥኑ ጀርባ ባለው ሰፊ ባለ ብዙ እግር መሰኪያ) ከገቡ ግን ይህ ጣጣ የለም። በቀደምቶቹ የአሜሪካ ኒንቴንዶ 64ዎች ቦርድ ላይ ሦስቱም ምልክቶች አሉ፤ ሆኖም ወደ መሰኪያው አልተዘረጉም፣ ጉልበታቸውም ለቴሌቪዥን አይበቃም። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲኤችኤስ 7314 የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፦ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ባሉት እግሮቹ ቀለሞቹን ተቀብሎ፣ በ4ኛው 5 ቮልት፣ በ5ኛው ግራውንድ ይዞ፣ ምልክቱን በእጥፍ አጉልቶ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ባሉት ያወጣል።

እጥፍ የሆነው በከንቱ አይደለም። በየመውጫው ላይ 75 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ይቀመጣል፣ በቴሌቪዥኑ ውስጥም ሌላ 75 ኦም አለ፤ ሁለቱ እኩል ሲካፈሉት ልኩ ይቀራል። «ሙሉ ዕቃ» ተብሎ በተሸጠልኝ ውስጥ ግን ሬዚስተሮቹ በቺፑ ቦርድ ላይ ተበይደው ሳለ፣ ለአውሮፓው ሱፐር ኒንቴንዶ (ከ64ቱ በፊት ለነበረው መጫወቻ) የተሠራ የስካርት ኬብል ተጨምሮበት ነበር። መሰኪያው አንድ ስለሆነ ይገጥማል፤ በውስጡ ግን ከየቀለሙ ሽቦ ወደ ግራውንድ የሚወርድ ተጨማሪ 75 ኦም አለው። ይህም ከቴሌቪዥኑ 75 ኦም ጋር ጎን ለጎን ሲቆም ጭነቱ ወደ 37.5 ኦም ይወርድና፣ መድረስ ከሚገባው ምልክት የሚደርሰው ከሦስት እጅ ሁለቱ ብቻ ይሆናል። ብርሃኑን ከቴሌቪዥኑ ስጨምር ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል እንጂ ቀለሙ አይመለስም። «ብራይትነሱን ጨምረው» ብለህ ስልኩን የዘጋህብኝ ሻጭ ሆይ፣ ኬብሉን ነቅሎ ከቀለሙ እግር እስከ ግራውንድ በቴስተር መለካት የስንት ደቂቃ ሥራ ነበር?

የደብረ ብርሃን ጠጋኝ የኬብሉን ስካርት ፈትቶ በውስጡ ያሉትን ሦስቱን ሬዚስተሮች ነቀላቸው፤ ሌላ አንድም ነገር አልነካም። ቀዩ ቀይ፣ ሰማዩም ሰማይ ሆነ።

ከጥቅምት ውርጭ እስከ አሁን፣ መብራቱ እየሄደ እየመጣ፣ ቺፑ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። እስከ 36 ሜጋኸርዝ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ያለውን ወንድሙን 7316 ካልገዛህ ብለው የሚያስፈራሩም አሉ፤ የ7314ቱ 8.5 ሜጋኸርዝ ለዚህ ኮንሶል ይበቃል፣ በባለ መስታወቱ ቴሌቪዥን ላይ የጎደለ ነገር አላየሁም። ቺፑን ነገም ቢሆን እገዛዋለሁ። ኬብል ሊሸጥልኝ የሚመጣ ግን ስካርቱን እዚያው ፊቴ ይፍታልኝ።